የሚከፈትና የሚጠለቅ፦ የጣና ዳር ሰው ልብሱን እንዴት ሲለብስ ኖረ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድና ቀትር ላይ 26 እና 27 ዲግሪ ይደርሳል። ማለዳ ሹራብ ደርቦ የወጣ ሰው አምስት ሰዓት ሳይሞላ ይሞቀዋል። ሹራቡ ባለ ቁልፍ ከሆነ ችግር የለም፤ መጀመሪያ የላይኞቹን ሁለቱን፣ ቀጥሎ የቀሩትን ፈትቶ ትከሻው ላይ ጣል ያደርገዋል። በአንገት የሚጠለቅ ከሆነ ግን መንገድ መሃል ቆሞ፣ ክንዶቹን ሽቅብ ሰቅሎ፣ ፊቱን ተሸፍኖ መታገሉ ነው። ሻሽ ያሰረች ወይም ትናንት ሹሩባ የተሠራች ሴት ከሆነች ደግሞ ጣጣው ይበዛል።

በክርና በመርፌ ሹራብ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ይህ የቆየ ክርክር ነው። አንዱ ከፊት ተከፍቶ በቁልፍ የሚዘጋውን ካርዲጋን ይወዳል፤ ሌላው በራስ የሚጠለቀውን ፑሎቨር። ጣና ዳር ግን ጉዳዩ ሹራብን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድመዋል። እዚህ አብዛኛው ሰው ለረጅም ዘመን የለበሰው የማይከፈትም የማይጠለቅም፣ የሚጣፋ ልብስ ነበር። ተሰፍቶ በአንገት የሚገባው የሹመትና የሽልማት ምልክት ሆኖ ኖሯል። ከፊት የተከፈተው ደግሞ ከሁለት ዓይነት ሰዎች ትከሻ አይጠፋም ነበር፤ ከቆሎ ተማሪውና ከመኳንንቱ። የዛሬው የሹራብ ምርጫም ከዚህ ታሪክ ጨርሶ ያልተለየ ይመስላል።

ነገሩ ከበጉ ይጀምራል። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚረባው የዋሸራ በግ ሰውነቱ ትልቅ፣ ቀንድ አልባ፣ አብዛኛውን ጊዜም ቡናማ ነው። ጸጉሩ አጭር በመሆኑ ለክር አይበጅም። ሱፍ የሚፈልግ ሰው ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ ጉና ተራራ ወጥቶ የፋርጣን በግ፣ ከዚያም አልፎ የመንዝን በግ መፈለግ ነበረበት። መንዝ ውስጥ ብርዱ የበጉን ጸጉር አስረዝሞታል፤ ከዚያ ጸጉር ባና፣ ዝተትና ጥቁር በርኖስ ይሠራል። የጣና ዳር በግ የሰጠው ቆዳውን ነው። ስለዚህ ብርዱን የመመከቱ ሥራ በጥጥ ላይ ወደቀ።

ጥጡ ከቆላ ይመጣል። ሴቲቱ ድንጋይ ላይ በመዳመጫ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች፤ የጠራውን በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገዋለች። ባዘቶው አመልማሎ ሆኖ ይጠቀለልና እንዝርቱ ጭኗ ላይ መሾር ይጀምራል። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት እየተጫወተ፣ ልጅ እየተቆጣ፣ ክሩ ሳይበጠስ ይፈተላል። ልቃቂቱ በቁጥር ሲበቃ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ድሩን ይወጥራል፤ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከግራ ቀኝ ይመላለሳል። የእጅ ሽመና ጨርቅ ስፋቱ ጠባብ ስለሆነ ተሰፍቶ ይጋጠማል። ነጠላው ስስ ነው፤ ጋቢ ግን አራት እጥፍ ሆኖ የሌሊቱን ብርድ ይመልሳል። ጋቢው ቁልፍም አንገትም እጅጌም የለውም። ማለዳ እስከ አፍንጫ ይከናነቡታል፤ ሲሞቅ ወደ ትከሻ ይወርዳል፤ ቀትር ላይ ታጥፎ ክንድ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ብርድ ልብስ ይሆናል። ለ18 ዲግሪ የቀንና የሌሊት ልዩነት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ማግኘት ይከብዳል።

በሐይቁ ምሥራቅ ያለው የይፋግ ገበያ፣ አቅራቢያው ያለችው የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ደሪጣ፣ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቆራጣ በንግዳቸው የታወቁ ነበሩ። በጎንደርና በዙሪያዋ ሽመናውን በብዛት የያዙት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። አገር ያለበሰው እጅ ግን አልተከበረም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ማለት የተለመደ ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ በአዋጁ ማግስት ጠፋ ማለት ግን አይቻልም።

የሚጣፋ ልብስ ሌላም ጸጋ አለው፤ ያለ ቃል ይናገራል። ከበላይ ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ይታጠቃል፤ ያደገድጋል። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ ይጣፋል። ለቅሶ የደረሰች ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ፊቷ ታመጣዋለች፤ መንገድ ላይ የሚያያት ሁሉ ሳይጠይቅ ኀዘኗን ያውቃል። አንድ ጨርቅ በአንድ ቀን ውስጥ አክብሮትም፣ ጸሎትም፣ ሐዘንም ይሆናል። ይህን ሊያደርግ የሚችል ሹራብ እስካሁን አልተሠራም። ሹራብ አንዴ ከተለበሰ ለሠርግም ለለቅሶም ያው ነው።

በአንገት የሚጠለቀው ልብስ ሌላ ክብር ነበረው። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በጣና ሰሜን ዳርቻ ጎርጎራ ላይ ሲቀመጡ፣ ከመካከላቸው ማኑዌል ደ አልሜዳ ያየውን አለባበስ ጽፏል፤ ባለ ሥልጣኑ ሸሚዝና ሱሪ፣ ተራው ሰው ጨርቅ ወይም ቆዳ ይለብስ ነበር። ይህ ልዩነት ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም አልጠፋም። ንጉሥ ወይም ራስ ጀግናውን የሐር ቀሚስ ይሸልመው ነበር፤ የተሸለመውም ባለ ቀሚስ ይባል ነበር። ቀሚሱ በራስ ተጠልቆ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ እጅጌው የጠበበ ልብስ ነው። እጀ ጠባብ ለመስፋት ጨርቅ መቁረጥ ያስፈልጋል። ጨርቅ የሚቆርጥ ደግሞ ጨርቅ የተረፈው ሰው ነው። ለብዙኃኑ ግን መቀስ ቅንጦት ነበር፤ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ለአንድ ሰው ልክ ብቻ ይሆናል፤ ኩታ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል።

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር ገብቶ፣ በኋላም ወደ ግሽ ዓባይ ሲወርድ ልብሱንና ጸጉሩን እንደ አገሩ ሰው አድርጎ ነበር። ጸጉሩን ተቆርጦና ሽቶ ተቀብቶ ከሐበሻ እንደማይለይ ራሱ ጽፏል። ከልብሱ ጋር ጸጉሩን አብሮ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ዘመን የጎንደር መኳንንት ጸጉር እንደ ልብስ የሚታይ ጌጥ ነበር፤ በቅቤ የራሰ ጸጉር ላይ ልብስ ማጥለቅም ቀላል አልነበረም። ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ በዚያው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ እቴጌይቱ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ይታያሉ። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ቅዱሳኑን ሳይቀር የጎንደርን ሐርና ጥልፍ አልብሰዋቸዋል፤ ስለዚህ የጣና ገዳማትን ግድግዳ እንደ ልብስ መዝገብ ማየት ይቻላል። ደረት ላይ የተዘጋው ቀሚስና በላዩ የተደረበው ክፍት ካባ እዚያ ጎን ለጎን ናቸው።

ካባው የመኳንንቱ ነው። ከፊት ተከፍቶ አንገት ላይ ብቻ ይያያዛል፤ ከሥሩ ያለው ቀሚስ እንዲታይ ተብሎ ነው የሚከፈተው። የጦረኛው ለምድም፣ የመንዙ በርኖስም እንዲሁ ትከሻ ላይ ይጣላሉ እንጂ አይጠለቁም። ፈረሰኛ ሰው ክንዱ ነጻ መሆን አለበት።

ከሌላው ጫፍ ያለው ደበሎ ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከታወቁት የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አንዱ ዋሸራ ነው፤ የበጉም ስም ይኸው ነው። እናም ያ ጸጉሩ ለክር የማይሆነው በግ ለቅኔ ተማሪው ቆዳውን ይሰጠዋል። ደበሎው የለፋ የበግ ቆዳ ነው፤ ከፊት ክፍት፣ አንገት ላይ በጠፍር የሚታሰር። ተማሪው አኮፋዳውን በደበሎው ሥር አንጠልጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ይዞራል፤ ዝናብ ሲመጣ ቆዳውን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ማታ ያነጥፈዋል። የውሻ ጥርስም መጀመሪያ የሚያገኘው ደበሎውን ነው። የጣና ዳር ካርዲጋን ማነው ከተባለ፣ መልሱ ይኸው ቆዳ ነው።

በእንግሊዝ አገር ካርዲጋን ስሙን ያገኘው ከአንድ የፈረሰኛ ጦር አዛዥ ነው። ጀምስ ብሩድኔል፣ ሰባተኛው የካርዲጋን ኧርል፣ በክራይሚያ ጦርነት ባላክላቫ ላይ ቀላል ፈረሰኞችን ወደ ሩስያ መድፍ አፍ የመራው በጥቅምት 1847 ዓ.ም ነው። የካርዲጋን የሱፍ ልብስ ከጦርነቱ በኋላ በመላው ዓለም ተሠራጨ። ፈረንሳዊቷ ኮኮ ሻኔል ካርዲጋንን ለሴቶች ያስፋፋችው በጠባብ አንገት የሚጠለቀው ሹራብ ጸጉሯን እያበላሸባት ተቸግራ ነው ይባላል። የባሕር ዳር ሹሩባ ሠሪዎች ቢሰሟት አይፈርዱባትም።

ለፑሎቨር የሚቆሙ ሰዎችም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጠበቆቻቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለችው የጌርንሲ ደሴት የዓሣ አጥማጆች ሹራብ ጥቅጥቅ ተደርጎ፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ሆኖ ይሠራል፤ ክርኑ ሲሳሳ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ መልበስ ይቻላል። ቁልፍ የለውም፤ ቁልፍ መረብ ይይዛል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ ሌሊት መረብ ጥሎ ጎሕ ሲቀድ ለሚስብ ሰውም ይኸው ምክንያት ይሠራል። ሐይቁ ላይ የሚነፍሰው የማለዳ ነፋስ ደግሞ በቁልፎች መካከል ያለውን ክፍተት ያውቀዋል።

ሹራብ ሥራ እዚህ እንግዳ ነው። ከጥንታውያን የሹራብ ቅሪቶች መካከል ስመ ጥሮቹ ከግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው፤ የዓባይ ውኃ እዚያ ደርሶ ሳለ ጥበቡ ሽቅብ አልወጣም። ሙያው ወደ ኢትዮጵያ ከተሞች የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የተቋቋመው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም የእጅ ሥራን ከዋና ተግባራቸው ቆጥረውታል። በኋላ ባልትናና የእጅ ሥራ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። አንድ ትውልድ ሴቶች ዳንቴልን በኪሮሽ፣ ሹራብን በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ክፍል ውስጥ ተምረው ቤት ውስጥ ኖሩበት። ለሬዲዮና ለሶፋ ልብስ፣ ለሕፃን ካልሲና ኮፍያ፣ ከዚያም ለሹራብ።

ባሕር ዳር በዚያው ዘመን የጨርቅ ከተማ ሆነች። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ዓ.ም ሶቭየት ኅብረት የረዳችው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ሲከፈት ጨርቃ ጨርቅ ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የጢስ ዓባይ የውኃ ኃይል ማመንጫ ለከተማዋ ኢንዱስትሪ መብራት ሰጠ። ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የዚያ ዘር ነው። ፋብሪካው ግን ጥጥ ፈትሎ የሚሸምን እንጂ ሹራብ የሚሠራ አልነበረም። የከተማዋ ሴት ለሹራቧ ክር ስትፈልግ ወደ ገበያ ወጣች፤ እዚያ ያገኘችው አብዛኛው ክር አክሪሊክ ነው። ክር ሲወደድ ሰልባጅ ሹራብ ገዝቶ መተርተር ነበረባት።

መተርተርም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ሰልባጁ ከመገዛቱ በፊት ተገልብጦ የጎኑ ስፌት ይታያል። ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው በቅርጻቸው ተሠርተው የተጋጠሙ ከሆነ፣ ስፌቱ ሲፈታ ክሩ ሳይቆረጥ ከላይ እስከ ታች ይመዘዛል። ከጣቃ ተቆርጦ በመኪና የተሰፋ ከሆነ ግን የሚወጣው ቁርጥራጭ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ባከነ። የተተረተረው ክር ይጠቀለላል፤ ታጥቦ ክብደት ታስሮበት ሲሰቀል ጥምዝምዙ ይቃናል። ባለ ቁልፍ ሹራብ ለዚህ ሥራ ዋጋው ዝቅ ይላል። ፊቱ በሁለት ጠባብ ቁራጭ የተከፈለ ስለሆነ ክሩ ቶሎ ቶሎ ይቋረጣል። ፑሎቨር ግን ከፊትም ከጀርባም ረጅም ክር ይሰጣል። ከክር አንጻር ክርክሩን የሚረታው ፑሎቨር ነው።

ሥራው ላይም እንዲሁ። ፑሎቨር ጀርባ፣ ፊት፣ ሁለት እጅጌ፤ አለቀ። ጀርባውን የሠራ ሰው ፊቱን ሠራ ማለት ይቻላል፤ የሚለየው የአንገቱ ቅርጽ ብቻ ነው። ካርዲጋን ግን ሁለት ፊት አለው፤ የግራው የቀኙ መስታወት መሆን አለበት። አንዱ በሁለት ረድፍ ከበለጠ ሲቆለፍ ጫፉ ይዛነፋል፤ ጌጥ ካለበት ደግሞ አበባው ለሁለት ተሰንጥቆ አንዱ ወገን ሽቅብ፣ ሌላው ቁልቁል ይቀራል። ከዚያ የቁልፍ መደዳው ይመጣል። ከፊቱ ዳር ክር ተለቅሞ ጠበቅ ያለ ቅናት ይሠራል፤ ለቀዳዳው ሁለት ወይም ሦስት ቀለበት ይዘጋና በሚቀጥለው ረድፍ እዚያው ላይ ይመለሳል። ቅናቱ ከላላ ይሞገጋል፤ ከጠበቀ ሹራቡን ወደ ላይ ይሰበስበዋል። ቀዳዳዎቹ ከተራራቁ ደረት ላይ አፉን ይከፍታል። ጀማሪ ሹራብ ሠሪን የሚያስለቅሰው ይኸው አንድ ጣት ስፋት ያለው ቅናት ነው። ፑሎቨር የሚወዱ ሠሪዎች ምርጫቸውን በሙቀት ወይም በውበት ቢያስረዱም፣ ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ምክንያት ይህ ይመስላል።

የሚለብሰው ሰው ግን የሠሪውን ድካም አያይም። ሕፃን ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው፤ እርግብግቢቱ ላይ ጠባብ አንገት ማሳለፍን የሚወድ እናት የለም፤ ስለዚህ የአራስ ሹራብ ከፊት ወይም ከትከሻ ይከፈታል። ልጁ እግር ሲያወጣ ደግሞ ተራው የፑሎቨር ነው፤ በድሮው ጥብቆ ቦታ በራሱ ይጠለቅለታል፤ የሚጠፋ ቁልፍ የለውም። ለተማሪ የቪ ቅርጽ አንገት ያለው ፑሎቨር ተስማሚ ነው፤ የሸሚዙን ኮሌታ ያሳያል፣ ጓደኛ ጎትቶ የሚበጥሰው ነገርም የለውም። የምታጠባ እናት፣ ነጠላ የምትለብስ ሴት፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ማንሣት የሚያማቸው አዛውንት ግን ባለ ቁልፉን ይመርጣሉ።

ጋቢ ያለው ሰው ነገሩን ይበልጥ ያቀለዋል። ባለ ቁልፍ ሹራብ በጋቢ ሥር ሲለበስ ክፍት ደረቱን ጋቢው ይዘጋዋል፤ ሲሞቅ ሁለቱም ከትከሻ ይወርዳሉ። ቁምጣ ታጥቆ፣ ኮንጎ ተጫምቶ፣ ካፖርት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ገበያ የሚወጣው የጎጃም ገበሬም የሚሄደው በዚሁ ሥርዓት ነው፤ እጅጌ ቢኖረውም ክንዱን ብዙ ጊዜ አይከተውም፤ ካፖርቱን እንደ ካባ ይለብሰዋል። እንዲህ የተሰፋውም ልብስ በመጨረሻ ትከሻ ላይ ተጥሏል።

ስለዚህ ፍርዱ ይህ ነው። ለታንኳና ለመረብ፣ ለተማሪና ለተርታሪ ፑሎቨር፤ ለከተማው ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለእናትና ለአያት ባለ ቁልፉ። ባለ ቁልፉን ለመሥራት የተነሣ ሰው ግን ክር ከመግዛቱ በፊት ቁልፉን ይግዛ። የቀዳዳው ስፋት የሚለካው በቁልፉ ነው፤ ገበያ ላይ ሰባት አንድ ዓይነት ቁልፍ ማግኘት ደግሞ አንድ ዓይነት ክር ከማግኘት ይከብዳል።